በጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ላይ ስድብን፣ ግርግርንና ድንጋይ ውርወራን የመከላከልና የማረም አሠራር

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚሠሩ ርዕሳነ መምህራን፣ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ ለስፖርት ክበብ ተጠሪዎችና ለወላጅ መምህር ኅብረት አባላት ነው። የሚመለከተውም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች መካከል የሚደረገውን የክፍሎች ውድድርና በተለይም ጠቡ የሚበረታበትን የትምህርት ቤቶች ግጥሚያ ነው።

አብዛኛው የትምህርት ቤት ሜዳችን አጥር የለውም። ጎሉ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ መስመሩ በኖራ፣ ኖራ ሲጠፋም በአመድ ይሰመራል፤ ተመልካቹም መስመሩን ረግጦ ይቆማል። እንዲህ ባለ ሜዳ አንድ ልጅ የተናገረውን ተጫዋቹ ጥርት አድርጎ ይሰማዋል፣ ሁለት እርምጃ ቢራመድም ይደርስበታል። ስለዚህ አጥርና ካሜራ ላለው ስታዲየም የታሰበ አሠራር እዚህ ብዙ አይረዳም። እዚህ የሚሠራው እያንዳንዷ ትንሽ ጥፋት ወዲያውኑ መልስ የሚሰጣት፣ በስም የታወቀ ኃላፊ እንዲኖራት ማድረግ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ የሚወረወረው ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማንም ያልመለሰው ስድብ ሆኖ የጀመረ ነውና ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሰናዳው በዚህ እምነት ነው።

1. ጥፋቱ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት

በትምህርት ቤቱ የሥነ ምግባር ደንብ ላይ «ተማሪዎች በጨዋታ ጊዜ ሥርዓት ሊይዙ ይገባል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለ ማንንም ማረም አይቻልም፤ የተቀጣው ተማሪ ያደረገው ነገር ጥፋት መሆኑን እንደማያውቅ ቢናገር መልስ የለንምና። የስፖርት ክበቡ፣ የተማሪዎች ፓርላማና የዲሲፕሊን ኮሚቴው ከውድድሩ መክፈቻ በፊት አብረው ተቀምጠው ጥፋቶቹን በደረጃ ይጻፉ፤ የተጻፈውም በሰልፍ ላይ ይነበብ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ።

ጭፈራ፣ ከበሮ፣ ጥሩምባ፣ ፉከራና ቀረርቶ ጥፋት አይደሉም። ይህ በጽሑፉ ላይ በግልጽ ይስፈር። ደጋፊውን በሙሉ ዝም ለማሰኘት የሚሞክር ትምህርት ቤት የሚያተርፈው ደጋፊው ከአስጨፋሪው ተነጥሎ በየጥጉ በሦስትና በአራት ሆኖ እንዲሳደብ ማድረግን ብቻ ነው። በዝቅተኛው ደረጃ የሚመደበው ዳኛውን «ሌባ! ሌባ!» እያሉ መጮኽ፣ ከገመድ አልፎ መቆምና ኳስ ደብቆ ጊዜ መግደል ነው። በከፍተኛው ደረጃ ያለው ደግሞ እቃ መወርወር፣ ወደ ሜዳ መግባት፣ መማታት፣ ማስፈራራትና ስለት ወይም መሣሪያ ይዞ መገኘት ነው።

ከሁለቱ መካከል ያለው የሰውን ማንነት የሚነካው ስድብ ነው፤ ብዙ ሥራ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። ደንቡ «ጸያፍ ንግግር» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ስድቦቹን በዓይነት ቢዘረዝራቸው ይሻላል። አንደኛው ከሸክላ ሠሪ፣ ከቀጥቃጭ ወይም ከሸማኔ ቤት የመጣን ተጫዋች «ቡዳ» እያሉ መጥራት ነው። በአካባቢያችን ይህ ቃል ሰውን ከሰፈርና ከጋብቻ ሲያገል የኖረ ነውና እንደ ተራ ብሽሽቅ ሊታይ አይገባውም። ሁለተኛው ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እያመላለሰ የሚማረውን የገጠር ልጅ በአለባበሱ ወይም በአነጋገሩ ማንቋሸሽ ነው። ሦስተኛው የሴቶች ቡድን ሲጫወት በአካላቸው ላይ መሳለቅ ነው፤ ይህን የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ በወንዶቹ ጨዋታ ላይ ዝም ብለው የሚያዩ ተማሪዎች ስለሆኑ በሴቶች ጨዋታ ሰዓት ጥበቃው መላላት የለበትም። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ አካል ጉዳትንና እናትን የሚጠቅስ ስድብም እንዲሁ በስሙ ይጻፍ።

2. ከጨዋታው በፊት ያለው ሳምንት

ግጥሚያው ዓርብ ከሆነ ቢዘገይ እስከ ማክሰኞ ድረስ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ምክትል ርዕሳነ መምህራን፣ የስፖርት መምህራንና የተማሪ ተወካዮች ይገናኙ። ስለ ቀኑ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ደጋፊው መቆሚያና ስለ መጓጓዣው የተስማሙበት በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። በቃል ብቻ የተደረገ ስምምነት ጠብ በተነሣ ዕለት የሁለት ወገን ትውስታ ስለሚሆን አይጠቅምም።

ቀኑ የገበያ ቀን አይሁን። በገበያ ቀን ከተማሪው ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው፣ ጠላ ወይም አረቄ ቀማምሶ ወደ ቤቱ የሚመለስ አዋቂ ጩኸት ሰምቶ ወደ ሜዳው ጎራ ይላል፤ እርሱን የሚያውቀውና የሚመክረው መምህር ደግሞ የለም። በታላላቅ ክብረ በዓላት ማግስትም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ የሚውሉ ተጫዋቾች ስላሉ፣ ደክሞትና ተርቦ የሚሮጥ ልጅም በቀላሉ ስለሚቆጣ፣ ቁርጥ ያለ ፉክክር ያለበት ግጥሚያ ከጾሙ በፊት ወይም ከፋሲካ በኋላ ቢደረግ ይመረጣል።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተጀመረ የ90 ደቂቃ ጨዋታ ከ15 ደቂቃው ዕረፍትና ከባከነው ጊዜ ጋር 11 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ከዚህ ዘግይቶ የሚጀመር ግጥሚያ በእግሩ ረጅም መንገድ የሚሄደውን ተማሪ ያመሻል፤ ለመተናኮል የሚፈልግም ጨለማን ይጠቀምበታል። የአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ ብዙ ሰው እንዲሰበሰብ በማይፈቅድበት ጊዜ ደግሞ ጨዋታው ያለ አንዳች ማመንታት ይተላለፍ።

ዳኛው ከሦስተኛ ወገን ይምጣ። የአስተናጋጁ ትምህርት ቤት መምህር ምንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን በሚያስተምራቸው ተማሪዎች ጨዋታ ላይ ቢያፏጭ እንግዳው ቡድን እያንዳንዱን ውሳኔ የሚያየው በጥርጣሬ ነው። ከወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ዳኞችን በደብዳቤ መጠየቅ፣ አበላቸውንም ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እኩል አዋጥተው ከጨዋታው በፊት መክፈል ብዙ ሐሜት ያስቀራል።

3. ሜዳውን ማዘጋጀት

ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት የስፖርት ክበቡ አባላት የሜዳውን ዙሪያ ይዙሩና ድንጋይ ይልቀሙ። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ከብዙ ንግግር ይበልጣል፤ በንዴት የጦዘ ልጅ እግሩ ሥር ድንጋይ ካጣ የሚወረውረው ነገር እስኪፈልግ ድረስ መምህሩ ይደርስበታል። ለአዲስ የመማሪያ ክፍል ግንባታ የተከመረ ጠጠር ወይም ኮብልስቶን በሜዳው አጠገብ ካለ ደጋፊ በዚያ በኩል እንዳይቆም ይደረግ።

ገመድ ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ ብሎ በችካል ይወጠር። በመረብ ኳስ ዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ በሜዳው ዙሪያ ቢያንስ 3 ሜትር ነጻ ቦታ እንዲኖር ያዝዛል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ግን ተመልካቹ ሰርቪስ የሚመታውን ልጅ ክርን እስኪነካ ድረስ የሚጠጋው በዚሁ ጨዋታ ነውና ጥንቃቄው ይጠብቅ። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ደጋፊዎች በሜዳው ሁለት የጎን መስመሮች ላይ በተቃራኒ ይቁሙ። ከጎሎቹ ጀርባ ማንም አይቁም፤ በረኛ ጀርባውን ለተሳዳቢ ሰጥቶ 45 ደቂቃ መቆም የለበትም። እንግዳው ቡድንና ዳኞቹ የሚገቡበት፣ ነገር ከተበላሸም የሚጠለሉበት አንድ የሚቆለፍ ክፍል ይዘጋጅ፤ ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለም ሁሉም አስተናባሪዎች ይወቁ።

በጎጃም ዱላ ለአዋቂ ወንድ የመንገድ ጓደኛው ነውና ጨዋታ ለማየት የሚመጣን ወላጅ «ዱላ ይዘህ አትግባ» ብሎ መመለስ ክብሩን የሚነካ ነው፤ ይዞ እንዲገባ መተውም አደገኛ ነው። በበሩ ላይ የዱላ ማስቀመጫ ይዘጋጅ። ተቀባዩ ተማሪ ሳይሆን በዕድሜ የገፋ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ይሁን፤ በዱላው ላይ ቁጥር ያስርና የቁጥሩን ቀሪ ለባለቤቱ ይስጥ። «ጋሼ፣ ዱላዎን ላስቀምጥልዎ፤ ሲወጡ ከእጄ ይወስዱታል» የተባለ ሰው ሰጥቶ ይገባል። የጦር መሣሪያ የያዘ ሰው ግን፣ የሥራ ኃላፊነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ተመልካች ሆኖ ወደ ሜዳው አይግባ።

ግቢው ሁለት በር ካለው ሁለቱም በሮች ጨዋታው ከማለቁ በፊት ተከፍተው ይጠብቁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2022 በኢንዶኔዥያ ካንጁሩሃን ስታዲየም 135 ሰዎች የሞቱት ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ በተኮሰ ጊዜ ሕዝቡ ወደ መውጫዎቹ ሮጦ በመጨፈላለቁ ነው። የትምህርት ቤት ጨዋታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ሰው ቢይዝም በአንዲት ጠባብ በር የሚሸሽ የተማሪ ጎርፍ ልጆችን ሊረግጥ ይችላል።

4. አስተናባሪዎችና አስጨፋሪዎች

አስተናባሪ ማለት ፊቱን ወደ ደጋፊው፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ የሚቆም ሰው ነው። ጨዋታውን የሚያይ መምህር ተመልካች ነው፤ ስለዚህ ኳስ አጥብቆ የሚወድ መምህር ለዚህ ሥራ አይመረጥ። በእኔ እምነት ለሃምሳ ያህል ተማሪ አንድ አስተናባሪ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱም ከየት እስከ የት እንደሚጠብቅ በችካል ይለይለት። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው የደረት ሻሽ ይልበሱ። ሴት መምህራን በቁጥር ሊካተቱ ይገባል፤ በሴት ተማሪዎች ላይ የሚሰነዘረውን ቃል ቶሎ የሚሰሙትና የሚገነዘቡት እነርሱ ናቸው። እንግዳው ትምህርት ቤት የራሱን መምህራን ይዞ ይምጣ፤ ልጆቹን በስም የሚጠሩት እነርሱ ብቻ ናቸውና።

የመምህራኑ ሥራ ይህ ሆኖ ሳለ በደጋፊው ላይ ከማንም የበለጠ ሥልጣን ያለው ከበሮውን የያዘው ተማሪ ነው። አስጨፋሪው ያወጣውን ሁሉ ሕዝቡ ይቀበላል፤ እርሱ ዝም ሲል ዝም ይላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ልጅ የሚያውቁት ከተጣላ በኋላ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ነው፤ መሆን የነበረበት ግን ከሳምንት በፊት ቢሮ ተጠርቶ፣ ወንበር ተሰጥቶት፣ ኃላፊነት መቀበል ነበር። የስፖርት መምህሩ የሁለቱን ትምህርት ቤቶች አስጨፋሪዎች ያስተዋውቅ፤ የሚያወጧቸውን ግጥሞች አስቀድመው ያሰሙት፤ የሰው ስም፣ ሰፈር ወይም ዘር የሚነካ ግጥም ካለ በሌላ እንዲተኩት ይጠይቅ። ግጥም መቀመር የሚችል ልጅ በየክፍሉ አለና ለተቀየረው ግጥም አይቸገሩም። በመጨረሻም በአንድ ምልክት ይስማሙ፤ ለምሳሌ የስፖርት መምህሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ አስጨፋሪው ያለውን ዜማ አቁሞ የራሱን ቡድን ብቻ ወደሚያወድስ ዜማ ይሸጋገር።

5. ተጫዋቾችና አሠልጣኞች

ደጋፊው የሚያየው አሠልጣኙን ነው። አሠልጣኙ ጃኬቱን መሬት ላይ ወርውሮ በረዳት ዳኛው ላይ ሲጮኽ ከጀርባው ያለው ተማሪ ሁሉ ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ከጨዋታው በፊት ከአሠልጣኙ ጋር ለብቻ ይነጋገር፤ አሠልጣኙ መምህር ከሆነ ጠባዩ በሥራ አፈጻጸሙ ላይ የሚታይ መሆኑንም ይንገረው። የእግር ኳስ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዳኛው ለአሠልጣኞችና ለቡድን መሪዎችም ቢጫና ቀይ ካርድ እንዲያሳይ ይፈቅዳል፤ በተቀያሪ ወንበር አካባቢ ጥፋት ተሠርቶ ጥፋተኛው ካልታወቀ ካርዱን የሚወስደው ዋናው አሠልጣኝ ነው። ይህን የማያውቁ ብዙ አሠልጣኞች ስላሉ በስብሰባው ላይ ይነገራቸው።

ለተጫዋቾች የሚነገረው አጭር ይሁን። ዳኛውን የሚያነጋግር አምበሉ ብቻ ነው፤ በመረብ ኳስም ቢሆን ከዳኛው ጋር መነጋገር የሚፈቀድለት ሜዳ ውስጥ ያለው አምበል ነው። ጎል ያገባ ተጫዋች ወደ ራሱ ደጋፊ ይሩጥ፤ በተጋጣሚው ደጋፊ ፊት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መቆም ድንጋይ መጥራት ነው። የተሰደበ ተጫዋች ለአምበሉ፣ አምበሉ ለዳኛው ይናገር፣ መልስ ግን አይስጥ፤ ይህን ስንል ታዲያ የተነገረው ነገር በእርግጥ መልስ እንደሚያገኝ ቃል መግባታችን ስለሆነ ቃሉን መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።

በወጣቶች የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ሕጉ የብሔራዊው ፌዴሬሽን ፈቃድ ካለ ጊዜያዊ ቅጣትን ይፈቅዳል፤ ይኸውም ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ከጠቅላላው የጨዋታ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ ከሜዳ ወጥቶ እንዲመለስ ማድረግ ነው። የውድድር ኮሚቴው በዚህ ላይ ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ቢመክር መልካም ነው፤ ለ16 ዓመት ልጅ ከሜዳ ውጭ ተቀምጦ መብረድ ከማንኛውም ምክር ይሻለዋል።

6. በጨዋታው ሰዓት

የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የቀሩትን ይወስናሉ። በእነዚህ ደቂቃዎች የሚሰማ የመጀመሪያ ስድብ ያለ መልስ አይለፍ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አስተናባሪው የተሳደበውን ልጅ ከሩቅ ሆኖ አይጮኽበት፣ በጣቱም አይጠቁመው። ልጁ በጓደኞቹ ፊት ከተዋረደ ማፈግፈጊያ ስለሚያጣ እልኽ ይገባል። አስተናባሪው ሄዶ አጠገቡ ጎን ለጎን ይቁም፣ ስሙን ይጥራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሰማውን ቃል ይንገረውና ምን እንደሚከተል ይጨምር፦ «ስምንት ቁጥሩን ምን እንዳልከው ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ከደገምከው ከእኔ ጋር ትቆማለህ፤ ከዚያ ካለፈ ትወጣለህ።» ይህን ብሎ ወዲያው አይሂድ፤ ጥቂት ደቂቃ እዚያው ይቆይ። ልጁ ከደገመ ከቡድኑ ነጥሎ አጠገቡ ያቁመው። ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ በሌላ መምህር ታጅቦ ከግቢው ይውጣ፤ ስሙ፣ ክፍሉና ያለው ቃል በማስታወሻ ይያዝ። በጥፊ መምታት፣ በኮሌታ መጎተት ወይም ማንበርከክ በምንም ሁኔታ አይፈቀድም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ከዚህም ሌላ አንድ ልጅ በሕዝብ ፊት ሲመታ ቀሪው ደጋፊ ስድቡን ረስቶ ለተመታው ይቆማል።

ስድቡ የአንድ ልጅ ሳይሆን የጭፈራ ግጥም ከሆነ መንገዱ በአስጨፋሪው በኩል ነው። ምልክቱ ታይቶት ካልተወ የቤት ባለቤቱ ትምህርት ቤት ተወካይ ኳስ በቆመች ጊዜ ለዳኛው ያሳውቅ። ዳኛው ተመልካችን የማስወጣት ሥራ የእርሱ ባይሆንም ጨዋታውን ለማቆም፣ ለጊዜው ለማቋረጥና ጨርሶ ለመዝጋት ሥልጣን አለው፤ እነዚህ ሦስቱ በቅደም ተከተል ይወሰዱ። መጀመሪያ ጨዋታው ይቁምና በድምፅ ማጉያ ይነገር፤ ካልተሻለ ቡድኖቹ ወደ ክፍላቸው ገብተው ለጥቂት ደቂቃ ይቆዩ፤ ከዚያም በኋላ ከቀጠለ ግጥሚያው ይዘጋ። በድምፅ ማጉያ የሚናገረው ሰው አይቆጣ። «ጨዋታው የቆመው በ7 ቁጥር ተጫዋች ላይ በሚሰማው ስድብ ምክንያት ነው። ስድቡ ሲቆም ጨዋታው ይቀጥላል» ማለት ይበቃል።

አሠልጣኙም በዚህ ሰዓት የራሱ ድርሻ አለው። ተጫዋቹ መንጋጋውን ነክሶ አንድን ተጋጣሚ ብቻ እየተከተለ መሆኑን ካየ ካርድ ሳይጠብቅ ይቀይረው።

7. ነገሩ ከእጅ ሲወጣ

አንድም ድንጋይ ወደ ሜዳ ከወደቀ ዳኛው ጨዋታውን ያቁም፤ ተጫዋቾች ሁሉ ወደ መካከለኛው ክብ ይሰብሰቡ፣ ከዚያም እንግዳው ቡድን ከዳኞቹ ጋር ወደ ተዘጋጀው ክፍል ይግባ። አስተናባሪዎቹ በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል ይሰለፉ እንጂ የወረወረውን ለመያዝ አይሩጡ። አንድ መምህር ተማሪ ሲያባርር የታየ እንደሆነ መቶ ተማሪ ይሮጣል። የወረወረውን ያየ ሰው መልኩን ይያዝ፤ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ባለሙያው ስለ ጨዋታው አስቀድሞ ይወቅ፣ በቅርብም ይኑር፣ ነገር ግን መሣሪያ ታጥቆ በመስመሩ ዳር መቆም የለበትም። የሚጠራው በርዕሰ መምህሩ ወይም እርሱ በወከለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ራሱን የተመታ ልጅ ደህና ነኝ ቢልም ወደ ጨዋታው አይመለስ፤ ካስታወከ፣ ካንቀላፋ፣ ነገር ከደጋገመ ወይም ለጊዜውም ቢሆን ራሱን ከሳተ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ። የቀይ መስቀል ክበብ ያለበት ትምህርት ቤት አባላቱን ከነሣጥናቸው በሜዳው ዳር ያስቀምጥ።

የተቋረጠ ጨዋታ ውጤት በሜዳው ላይ አይነገር። ፎርፌ ይሁን ድጋሚ የሚወስነው የውድድር ኮሚቴው በማግስቱ ነው።

8. ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ

እንግዳው ቡድንና ደጋፊው አስቀድሞ ይውጣ፤ አስጨፋሪው የቤቱን ደጋፊ ለ15 ደቂቃ ያህል በከበሮ ይያዝ። በመኪና የመጡ ከሆነ መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ በሩ ላይ ይጠብቅ፤ በእግር የሚሄዱትን ሁለት መምህራን ከከተማው መውጫ ድረስ ይሸኟቸው። ውጥረት ባለበት ግጥሚያ መጨባበጡ በአምበሎቹና በአሠልጣኞቹ ብቻ ቢሆን ይበቃል።

9. መዝገብና ቅጣት

አስተናባሪዎቹ ሁሉ በዚያው ምሽት ያዩትን ይጻፉ። ሪፖርቱ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንደ ወረደና ያዩትን ሰዎች ስም ይያዝ፤ «ተማሪዎች ረብሸዋል» የሚል ሪፖርት ለማንም አይረዳም። በስልክ የተቀረጸ ምስል ካለ ኮሚቴው ይመልከተው፤ ምስሉ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይለቀቅ ግን ይከልከል፤ በአንድ ምሽት የተሰራጨ ምስል ለጥፋተኛው ልጅ ዕድሜ ልክ ይተርፈዋል፣ በሁለቱ ከተሞች ወጣቶች መካከልም ጠቡን ያድሳል።

ቅጣቱ የግለሰብ ይሁን። 10ኛ ሐ ክፍል በሙሉ ከውድድር ታገደ የሚባልበት አሠራር ጥፋተኛውን በአርባ ንጹሐን መካከል ይሸሽገዋል፤ ንጹሐኑንም በሚቀጥለው ጊዜ መስካሪ እንዳይሆኑ ያደርጋቸዋል። ተከሳሹ ተማሪ የተከሰሰበትን ነገር ሰምቶ ቃሉን ይስጥ፣ ምስክር ካለው ያቅርብ፣ ወላጁ ወይም የሚያሳድገው ሰው ይጠራ። ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ወላጅ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ጥሪው ከገበያ ቀን ጋር ቢገጣጠም ይቀለዋል። ውሳኔው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሰጥ፤ ከወር በኋላ የሚመጣ ቅጣት ከጥፋቱ ጋር መገናኘቱን ተማሪው ይረሳዋል።

ለዝቅተኛው ጥፋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና በሚቀጥለው ጨዋታ ሜዳ በማዘጋጀት ሥራ መሳተፍ ተገቢ ነው። ማንነትን ለሚነካ ስድብ የተሰደበው ሰው ፈቃደኛ ከሆነ በጥቂት ሰዎች ፊት ይቅርታ መጠየቅና ለተወሰኑ ጨዋታዎች መታገድ ይከተል፤ ተሰዳቢው ካልፈለገ ግን እንዲታረቅ አይገደድ። ከትምህርት ገበታ ማገድ ለከፍተኛው ደረጃ ብቻ ይቀመጥ፤ በጨዋታ የጠፋ ጥፋት ትምህርትን የሚያሳጣ መሆን ያለበት የሰው አካል ወይም ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው።

10. አዋቂዎች

ጥፋተኛው መምህር ከሆነ ጉዳዩ ከተማሪው ባልተናነሰ ፍጥነት ይታይ፤ ተማሪ ሲቀጣ መምህር ሲታለፍ ያየ ልጅ ደንቡን አያምንም። ወላጅ ከሆነ የወላጅ መምህር ኅብረቱ አባል ያነጋግረው፣ ከደገመም ለቀሪው ውድድር ወደ ሜዳ እንዳይገባ በደብዳቤ ይነገረው።

የአካል ጉዳት ከደረሰ ነገሩ ከትምህርት ቤት አልፎ ወደ ቤተሰብ ሊሸጋገር ይችላል። በእኛ አገር ቂም ከሜዳ ወደ ጎጥ ሲገባ ዓመት ይቆያልና ርዕሰ መምህሩ በዚያው ሰሞን የሁለቱን ወገን የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ይጥራ። ይሁን እንጂ ዕርቁ የሕጉን ቦታ አይተካም፤ በወንጀል ሕጋችን ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ለሠራው ወንጀል ተጠያቂ ነው። ሽማግሌዎቹ ቤተሰቦቹን ሲያስታርቁ ፖሊስ ሥራውን ይሥራ፣ ትምህርት ቤቱም ማስረጃ አይደብቅ።

11. ቀጣዩ ግጥሚያ

ጠብ የተነሣበትን ግጥሚያ ለዓመታት መሰረዝ የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም ሁለቱን ትምህርት ቤቶች የሚያገናኛቸውን መንገድ ዘግቶ ወሬውን ብቻ ያስቀራል። ከዚያ ይልቅ በመጀመሪያ የሁለቱ አስጨፋሪዎችና አምበሎች ከስፖርት መምህራኑ ጋር ይገናኙ፤ ቀጥሎ የተቀላቀሉ ቡድኖች፣ ማለትም የሁለቱ ትምህርት ቤት ልጆች በአንድ ማልያ የሚጫወቱበት የወዳጅነት ጨዋታ ያለ ዋንጫ ይደረግ፤ ከዚያም መደበኛው ግጥሚያ በሦስተኛ ከተማ ሜዳ ላይ፣ በተወሰነ ደጋፊ ይቀጥል። ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤና የአስተናባሪዎች ሪፖርት በስፖርት ክበቡ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ አዲስ የሚመደበው የስፖርት መምህር ሥራውን ሲረከብ ከማልያውና ከኳሱ ቁጥር ጋር ይህንም ፋይል ፈርሞ ይቀበል።